ቺለሩ በየዓመቱ ጋዝ የሚጠይቅ ከሆነ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆቴል የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ጣሪያ ላይ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ስክሩ ኮምፕረሰር ያለው ቺለር፣ ማለትም ለሕንፃው ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያመርት ማሽን፣ አለን። ጋዙ 134ኤ ነው። ታርጋው ላይ ለእያንዳንዱ ሰርኪዩት፣ ለእያንዳንዱ የጋዝ ዙር፣ 32 ኪሎ ይላል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሰርቪስ በተደረገ ቁጥር አንደኛው ሰርኪዩት ላይ አንድ ሲሊንደር ይጨመር ነበር። ዘንድሮ ሳይት ግላሱ፣ የጋዙ መስመር ላይ ያለችው መመልከቻ መስታወት፣ ላይ አረፋ ታየና አረፋው እስኪጠፋ ተሞላ፤ ሁለት ሲሊንደር ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ከሰዓት በኋላ በሃይ ፕረዠር ትሪፕ ያደርጋል፤ ግፊቱ ሲበዛ ራሱን ያጠፋል። የሚወጣው ውሃ 7 ዲግሪ መሆን ሲገባው 11 ነው። ባለሙያው ጋዙ ስላረጀ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ይላል። እውነት ጋዝ እንደ ሞተር ዘይት በየጊዜው ይቀየራል? በየስንት ጊዜስ መሞላት አለበት?»

ጋዝ አያረጅም። ሰርቶም አያልቅም። ቺለሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሚጨምቀው ኮምፕረሰር ሙቀቱን ወደሚያስወጣበት ኮንደንሰር፣ ከኮንደንሰር ግፊቱን በሚቀንሰው ኤክስፓንሽን ቫልቭ አልፎ ውሃውን ወደሚያቀዘቅዝበት ኢቫፖሬተር ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ኮምፕረሰር ይገባል። ይኸው ነው ሥራው። የታሸገ መንገድ ውስጥ ስለሚዞር ከ20 ዓመት በኋላም ያው ጋዝ ነው። ጋዝ የሚቀየረው ሲበከል ነው፤ ውሃ፣ አየር ወይም ከተቃጠለ ሞተር የመጣ አሲድ ሲገባበት። ስለዚህ «በየስንት ጊዜ ይሞላል?» ለሚለው መልሱ «በምንም ጊዜ አይሞላም» ነው። ጎደለ ማለት አፈሰሰ ማለት ነው። ካፈሰሰ ደግሞ ቀዳዳው ይፈለጋል፣ ይደፈናል፣ ከዚያ ነው የሚሞላው።

ሒሳቡን እንየው። የ134ኤ የተለመደው ሲሊንደር 13.6 ኪሎ ይይዛል። በሦስት ዓመት ሦስት ሲሊንደር 40 ኪሎ አለፈ። ሰርኪዩቱ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው 32 ነው። ከሁለት አንዱ ሆኗል። ወይ ከሙሉ ሰርኪዩት በላይ ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቷል፣ ወይ ደግሞ መሞላት ያልነበረበት ሲሞላ ቆይቷል። ሁለቱም ተደባልቀው ሊሆን ይችላል። የዘንድሮውን ስሰማ ግን አሁን ሰርኪዩቱ ከልክ በላይ እንደተሞላ ብዙም አልጠራጠርም። የወጣው ጋዝ ነገር ደግሞ በብር ብቻ አይለካም። አንድ ኪሎ 134ኤ አየር ላይ ሲለቀቅ በ100 ዓመት ውስጥ የሚያደርሰው ሙቀት 1430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚያደርሰው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይሰላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከ19 ቶን በላይ ነው።

አሁን ወደ አረፋው። ብዙ ባለሙያ ሳይት ግላስ ላይ አረፋ ሲያይ እጁ ወዲያው ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። አረፋ ግን የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ነጥብ ላይ ፈሳሹ መፍላት ጀምሯል። ለምን እንደፈላ አይናገርም። ጋዝ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻና እርጥበት የሚያጣራው ፊልተር ድራየሩ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል፤ ሳይት ግላሱ ብዙ ጊዜ ከድራየሩ ቀጥሎ ነው ያለው፤ ድራየሩ ሲደፈን ግፊቱ እዚያው ይወርድና ፈሳሹ ይፈላል። ሎዱ፣ ማለትም የማቀዝቀዝ ጭነቱ፣ ዝቅ ሲል ወይም የኮንደንሰር ፋኖች ሲገቡና ሲወጡም ለጊዜው አረፋ ይታያል። ድራየሩ ተደፍኖ ከሆነና አረፋው እስኪጠፋ ከተሞላ፣ የተጨመረው ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይቆለላል። ኮንደንሰሩ ሙቀት የሚያስወጣበት ቦታ ይጠበዋል። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይችለዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጣሪያውን ስትመታው ግፊቱ ይወጣና ትሪፕ ያደርጋል። የእርስዎ ቺለር እያደረገ ያለው ልክ ይኸን ነው። አንደኛው ሰርኪዩት ሲወጣ ሁለተኛው ብቻውን ይቀራል፤ ውሃው 11 ላይ መቅረቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ድራየሩን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሙቀት መለኪያውን መግቢያው ላይ፣ ከዚያ መውጫው ላይ ያሥሩ። የአንድ ዲግሪ ያህል ልዩነት ካለ ጥርጣሬ ነው፤ ሁለትና ሦስት ከሆነ ተደፍኗል። በእጅም ይታወቃል፤ መውጫው ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲብስ ያልበዋል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ዝቅተኛ የሳክሽን ግፊትን፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ጋዙን በሚስብበት በኩል ያለውን ግፊት፣ በቀጥታ ከጋዝ ማነስ ጋር ማያያዝ ነው። በውሃው በኩል ያለ ችግርም ያንኑ ያሳያል። ውሃው በ12 ገብቶ በ7 የሚወጣ ከሆነ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም በሰዓት ወደ 17 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያስፈልጋል። የውሃው ቧንቧ ማጣሪያ፣ ስትሬነሩ፣ በዝገትና በአሸዋ ከተያዘ ያ ውሃ አይደርስም። ኢቫፖሬተሩ የሚያፈላበት ሙቀት ያጣል፣ ሳክሽን ይወርዳል፣ ሰውም «ጋዝ አለቀበት» ይላል። አንድ ቦታ ስትሬነሩን ስንፈታ ውስጡ የብየዳ ቅራፊ፣ የክር መጠቅለያ ቴፕና ቡናማ ጭቃ ተጠቅጥቆ አገኘን። ቧንቧው ከተዘረጋ ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። ታጥቦ ሲመለስ ሳክሽኑ ያለ አንድ ግራም ጋዝ ወደ ቦታው መጣ።

ስለዚህ ጋዝ መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በግፊት ብቻ አይደለም፤ በሱፐርሂትና በሰብኩሊንግ ነው። ሱፐርሂት ማለት ጋዙ ፈልቶ ካለቀ በኋላ ወደ ኮምፕረሰር እስኪደርስ ስንት ዲግሪ ተጨማሪ እንደሞቀ ነው። ሰብኩሊንግ ማለት ኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ ስንት ዲግሪ ተጨማሪ እንደቀዘቀዘ ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ሁለቱም ከ5 እስከ 8 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የአምራቹ መመሪያ ላይ ያለው ነው። ሱፐርሂት ከፍ ብሎ ሰብኩሊንግ ከወረደ ጋዝ ጎድሏል። ሱፐርሂት ከፍ ብሎ ሰብኩሊንግ ግን ደህና ከሆነ ወይም ከበዛ ድራየሩን ወይም ኤክስፓንሽን ቫልቩን ይጠርጥሩ። ሰብኩሊንግ በጣም በዝቶ የሃይ ሳይድ፣ የኮንደንሰሩ በኩል፣ ግፊቱም ከወጣ ጋዝ በዝቷል። ግፊቱ ወጥቶ ሰብኩሊንጉ ልክ ከሆነ ኮንደንሰሩ ቆሽሿል ወይም ፋን ቆሟል። ልኬቱ ቺለሩ በደህና ሎድ ላይ ሆኖ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይዋዥቅ ከሠራ በኋላ ይወሰድ።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጥሩ ባለሙያዎችን ሲያሳስት አይቻለሁ። የምንጠቀምበት የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 0.76 ባር አካባቢ ነው። የግፊት መለኪያው ጌጃችን ደግሞ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ያው ጋዝ በዚያው ሙቀት እዚህ በሩብ ባር፣ በፒኤስአይ ከተባለ በ3.6 ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል። ለ134ኤ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ሩብ ባር ከሁለት ዲግሪ በላይ ነው። ምሳሌ፦ ሰንጠረዡ 2.13 ባር ላይ ጋዙ በ2 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጌጁ 2.13 ካለ ጋዙ እየፈላ ያለው ከዜሮ በታች ነው። ዱባይ ወይም ጅቡቲ ሠርቶ የመጣ ባለሙያ «ደህና ነው» ብሎ የሚያልፈው ቁጥር እዚህ ኢቫፖሬተሩን በረዶ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዝቅተኛው ጌጅ ላይ ካነበቡት 0.25 ባር ቀንሰው ሰንጠረዡን ይዩ። ዲጂታል ማኒፎልድ፣ ማለትም ዲጂታል የጌጆች ስብስብ፣ ካለ ከፍታውን ያስገቡለት። በሜካኒካል የሚሠራው የሎ ፕረዠር ስዊችም ከአካባቢው አየር ጋር እያመዛዘነ ስለሚሠራ እዚህ ዘግይቶ ነው የሚቆርጠው፤ የውሃውን የፀረ በረዶ ሴንሰር በሥራ ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

ቫኪዩምም፣ ማለትም ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ማውጣቱ፣ ላይ ያው ጣጣ አለ። ጌጁ 30 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ካልደረሰ ፓምፑ ደካማ ነው ብለው ፓምፕ ሲቀይሩ የዋሉ አውቃለሁ። እዚህ ፍጹም ባዶ የሆነ ሲስተም እንኳ ጌጁ ላይ ከ22.5 ኢንች ብዙም አያልፍም። ቫኪዩም የቀረውን ጥቂት ግፊት በሚያነብ ማይክሮን ጌጅ ነው የሚለካው፤ እሱ ከፍታ አያውቅም። 500 ማይክሮን ይድረስ፣ ፓምፑ ይዘጋ፣ ይጠበቅ። ቁጥሩ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ ውስጡ እርጥበት አለ፤ ሳያቋርጥ ከወጣ ቀዳዳ አለ።

ምክሬ ይኸ ነው። ያለውን ጋዝ ላይ መጨመርም መቀነስም ይቁም። የአንደኛው ሰርኪዩት ጋዝ በጋዝ መሰብሰቢያው ሪከቨሪ ማሽን ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በሚዛን ይመዘን። ከ32 ኪሎ ስንት እንደበለጠ ያን ጊዜ በቁርጥ ይታወቃል። ሪከቨሪ ሲሊንደሩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላ፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ሲሊንደሩ ይፈነዳል። ጋዝ ሲወጣና ሲገባ የውሃው ፓምፕ እየሠራ ይሁን። ከዚያ በናይትሮጅን ግፊት ይሰጠውና ቀዳዳው በሳሙና አረፋ ይፈለግ። ግፊቱ ታርጋው ላይ ከተጻፈው የሙከራ ግፊት አይለፍ፣ ሬጉሌተር የሌለው ናይትሮጅንም አይገናኝ። ኦክስጅን በፍጹም፣ በምንም ምክንያት! ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል። የብየዳ ኦክስጅን ቅርብ ነው ብሎ ሊጠቀም የሚነሳ ሰው ካለ ከጣሪያው ያስወርዱት።

ቀዳዳ ሲፈለግ ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ዘይት ነው። ጋዝ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፍና ጥቁር እድፍ ይሠራል። የሰርቪስ ቫልቮቹን ክዳንና ውስጣቸው ያለችውን ትንሽ ቫልቭ፣ የሴፍቲ ቫልቩን አፍ፣ የኮንደንሰሩን የጎን መታጠፊያዎች፣ ከብረት ጋር እየተፋተጉ የሚሳሱትን ቀጫጭን የፕረዠር ስዊች ቧንቧዎች ይዩ። በየዓመቱ ጌጅ የሚገናኝባት ቫልቭ ራሷ የምታፈስ ሆና ያገኘኋቸው ማሽኖች ጥቂት አይደሉም።

ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ድራየሩ ተቀይሮ፣ ቫኪዩሙ ከያዘ በኋላ 32 ኪሎ በሚዛን ይሞላ። በዓይን አይደለም፣ በግፊት አይደለም፣ በሚዛን። የወጣው ጋዝ ንጹሕ ከሆነ ተጣርቶ ይመለሳል፤ አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። መግዛት ካስፈለገ ግን ሲሊንደሩን በቀለሙና በካርቶኑ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጭበረበረ 134ኤ የተሞላባቸው የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሰው ገድለዋል፤ ውስጡ የተገኘው ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነገር ይፈጥራል። ቀላሉ ምርመራ ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ አሳድሮ ግፊቱን መለካት ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ ንጹሕ 134ኤ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 4.95 ባር ያሳያል። ብዙ ከራቀ አይገባም። ልክ ቢመጣም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ ስለዚህ የሚታወቅ አስመጪ ጋር ይግዙ። የማሽኑ ጋዝ 407ሲ ወይም 410ኤ ቢሆን ኖሮ በፈሳሽ መልኩ ብቻ ይሞላ እል ነበር፤ ድብልቅ ስለሆኑ በጋዝ መልክ ሲወጡ ድርሻቸው ይዛባል። 134ኤ ነጠላ ስለሆነ ይኸ አያሳስበውም።

አሁን የምለውን ግን ከሁሉም በላይ ይያዙልኝ። ቫኪዩም ላይ ያለ ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ አይለቀቅም። 134ኤ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው የሚፈላው፤ ቫኪዩም ውስጥ ከዚያም በታች። በሌላኛው በኩል ያለው የቆመ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ በረዶ ይሆናል። በረዶ ይሰፋል፣ ቱቦው ይቀደዳል። ይኸን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሕንፃ ላይ ሥራው ቸኩሎ ነበር። የውሃው ፓምፕ ጠፍቷል፤ ሲሊንደሩ ተገልብጦ ተለቀቀ። ማንም ድምፅ አልሰማም። ቺለሩ ሲነሣ የኮምፕረሰሩ የዘይት መስታወት ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ይገላበጥ ጀመር። ውሃና ዘይት ነበር። ለአንድ ሰዓት ችኮላ ኢቫፖሬተሩም ኮምፕረሰሩም ሄዱ። ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም። የውሃው ፓምፕ ይሥራ። መጀመሪያ በጋዝ መልክ ብቻ ይግባ። ጌጁ አዲስ አበባ ላይ ከ2.2 ባር በላይ እስኪደርስ ይጠበቅ፤ ያ ግፊት ጋዙ ከዜሮ በላይ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ወዲያ ነው ፈሳሹ በሊኩዊድ መስመሩ በኩል የሚገባው።

የዘወትር ጥገናውን በተመለከተ፣ ሰርቪስ ማለት ጌጅ ማገናኘት አይደለም። ጌጅ በተገናኘ ቁጥር ትንሽ ጋዝ ይወጣል፣ ትንሽ አየር የመግባት ዕድል ያገኛል። ማሽኑ ራሱ ስክሪኑ ላይ ግፊቱንና ሙቀቱን ያሳያል። ፈረቃ ላይ ያለው ሠራተኛ በቀን ሁለቴ ደብተር ላይ ይጻፈው፦ የውሃ መግቢያና መውጫ ሙቀት፣ የሁለቱም ሰርኪዩት ግፊት፣ የኮምፕረሰሮቹ አምፔር፣ የውጭ አየር ሙቀት፣ የዘይት ልክ። ባለሙያ ሲመጣ ከማኒፎልዱ በፊት ያንን ደብተር ይክፈት። ሰብኩሊንግ በሦስት ወር ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ደብተሩ ላይ ይታያል፤ ትሪፕ ሳይመጣ ቀዳዳ የሚያዘው በዚህ ነው።

ኮንደንሰሩ በአቧራ ነው የሚታመመው። ዙሪያው ግንባታ ባለበት ከተማ በዓመት አንዴ ማጠብ አይበቃም። የአየሩ ክብደት እዚህ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ፋኑ የሚያሳልፈው አየር ራሱ ቀላል ነው፤ ቆሻሻ ሲጨመርበት ቶሎ ይታፈናል። ውሃው አየሩ ከሚገባበት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይረጭ። ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል፤ አይጠጋ። ዋናው እጥበት በጥር ቢደረግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ንጹሕ ኮንደንሰር ያገኛል። ክረምት ሲወጣ ደግሞ አንዴ ይደገም።

የመብራት መቆራረጡ ሌላው ነው። ቺለሩ ሲቆም የዘይት ማሞቂያው ካልሠራ ጋዙ ወደ ዘይቱ ይገባል። መብራት እንደመጣ ወዲያው ሲነሣ ዘይቱ እንደ ቢራ ይገነፍላል፤ ቤሪንጉ ያለ ዘይት ይዞራል። የዘይት ማሞቂያውን ጀነሬተሩ ላይ ያድርጉት፤ ጭነቱ ትንሽ ነው። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከነበረ መመሪያው የሚለው ሰዓት፣ ብዙዎቹ ላይ 12 ሰዓታትና ከዚያ በላይ፣ ዘይቱ ይሙቅ። የሦስቱን የመብራት መስመሮች ቅደም ተከተል የምትጠብቀውን የፌዝ መቆጣጠሪያ ባይፓስ አድርጎ፣ ማለትም እንዳትሠራ ዘልሎ፣ የሄደ ካለ ዛሬውኑ ትመለስ፤ ስክሩ ኮምፕረሰር በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ በአጭር ጊዜ ይበላሻል። በዓመት አንዴ የኤሌክትሪክ ማሰሪያዎቹ ይጥበቁ፣ ዘይቱ ናሙናው ተወስዶ አሲዱና እርጥበቱ ይታይ። ዘይት የሚቀየረው ምርመራው ወይም የአምራቹ የሥራ ሰዓት ሲያዝ ነው።

ጋዝ ያፈስሳል ወይ የሚለው ምርመራ በየስንት ጊዜ ይደረግ ካሉኝ በየስድስት ወሩ እላለሁ። የእርስዎ ማሽን 64 ኪሎ 134ኤ ይዟል፤ በካርቦን ሲሰላ 91 ቶን ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ50 እስከ 500 ቶን ላለ መሣሪያ ያስቀመጠው ያንኑ ስድስት ወር ነበር። ለእኛም ተስማሚ ልክ ነው።

ጋዙ ይቀየር ያለዎትን ባለሙያ በስሜት አያባርሩት፤ ነገር ግን ቁጥር ይጠይቁት። ሱፐርሂቱ ስንት ነበር? ሰብኩሊንጉስ? ድራየሩ ላይ ያለው ልዩነት? ቀዳዳው የት ነው? መልስ ከሌለው ሥራውን ለሌላ ይስጡ። ቀጣዩ የሥራ ውል ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የወጣው ጋዝ በኪሎ፣ ቀዳዳው የተገኘበት ቦታ፣ ቫኪዩሙ የደረሰበት ማይክሮን፣ የገባው ጋዝ በኪሎ፣ ከሥራው በኋላ የተለካው ሱፐርሂትና ሰብኩሊንግ። ክፍያው ወረቀቱ ሲሞላ ይፈጸም።

ሁለተኛው ሰርኪዩት ጋዝ እንደተጨመረበት አልነገሩኝም። ቁጥሮቹን ከስክሪኑ ይመዝግቡ፣ በሳሙናና የሚያፈስስ ጋዝ በሚያሸት መፈለጊያ ከውጭ ይመርመር፣ ኮንደንሰሩ ይታጠብ። ጌጅ ግን አያገናኙበት።